ትንፋሹ የተለቀመ ዘፈን

ድምፅ ቀጂዋን ሙዚቀኞቹ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ነው። በቀብሩ ዕለት እንባ ጠብ ስላላላት ዘመድ አዝማዱ «ጠንካራ ናት» አለ። ምን ጥንካሬ አለ፣ ደንዝዛ ነው እንጂ።

ድምፃዊው የመጣው አንድ ከሰዓት፣ ከዝናብ ሊጠለል ነበር። የስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ ሲያንጎራጉር ሰማችውና «ና ግባ፣ ልቅዳህ» አለችው። በዚያው ለመደ፤ ውሎ አድሮም ወደዳት። በቀደም «እንጋባ» ቢላት «እሺ» አለች፣ በሩን ዝጊ የተባለች ያህል። ምስኪን፣ ደስ ይበለው ይክፋው ግራ ገባው።

ዛሬ ከሚዘፍንበት ባንድ ጋር ለረጅም ጊዜ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ሻንጣውም ተጭኗል። ሊሰናበታት ሲገባ የጨረሰችለትን ዘፈን አሰማችው። በግጥሙ መሃል የነበረውን ትንፋሹን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ለቅማ አጥፍታዋለች። ለእሷ ጥራት ማለት ይኸው ነው።

«ድምፁ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን የለሁበትም። ታጥቦ የተሰቀለ ሸሚዝ ይመስላል።»

አልተቀየመችም፤ መቀየምም አቅም ይፈልጋል። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣውን የድሮ ባለ አምፖል የድምፅ ማጉያ አበራችና እስኪሞቅ ድረስ ነገሩን አስረዳችው። ኮምፒውተር የሰጡትን እንደወረደ ይመዘግባል። አምፖሉ ግን ድምፅ ሲበረታበት እንዳለ መሸከም ያቅተዋል፤ ጫፉን ያጎብጠዋል፣ ከራሱም ቀጭን ቀጭን ድምፅ ይጨምርበታል። ሰው «ሞቅ ያለ ድምፅ» እያለ የሚወደው ያንን ስህተት ነው።

«አንቺስ?» አላት። «የነገርኩሽ ሁሉ እንደወረደ ይገባል፤ አንዱም ሲነካሽ አላየሁም። ካልወደድሽኝ ንገሪኝና ልሂድ።»

ደጅ ክላክስ ተነፋ። ፊት ለፊት እያየችው መናገር እንደማይሆንላት ታውቃለች። ማይክራፎኑን ከባለ አምፖሉ ማጉያ ጋር አገናኘች፤ እሱን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ማዳመጫውን አጠለቀችለትና መቅጃ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች። ማይክራፎን ቢያንስ አያፈጥም።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ ምንም አይሰማኝም» አለች። «እሺ ያልኩህም ሳይሰማኝ ነው። ግን አንተ ስታረፍድ ሥራ አልጀምርም፤ በሩን ሳይ ነው የምቆየው። ይሄ ፍቅር ይሁን አይሁን አላውቅም። አትሂድ።»

እሷ እንደሆነች ከወትሮው የተለየ ነገር የተናገረች አልመሰላትም። የመጨረሻዋን ቃል ግን አምፖሉ አልቻላትም፤ በማዳመጫው ውስጥ ወፍራ፣ ሻከር ብላ መጣች፣ ከኋላዋም ረጅም ትንፋሽ ተከተለ። ድምፃዊው በመስታወቱ አያት። ፊቷ ያው ነው። አምፖል የሚያቅተው ድምፅ ሲበረታበት እንደሆነ ግን አሁን ገና ነግራዋለች፤ ቃሏን ያበረታችው ደግሞ ራሷ ናት።

ወጥቶ ሻንጣውን አወረደ። የባንዱ መሪ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ አልሆን ሲለው መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሻንጣውን እየጎተተ ሲመለስ ደስ አላት ብዬ አልዋሽም። አልሳቀችም፣ አላቀፈችውም። ሆዷን ግን የሆነ ነገር ሞረሞራት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀባት።

«ራበኝ» አለችው።

እናቷን ከቀበረች ወዲህ ርቧት አያውቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ነበር የምትበላው። እሱ ምን እንደሚያመጣላት ጠየቃት። የምትወደው ምግብ ምን እንደነበረ ለማስታወስ ሞከረች።