የተነቀለው ቮሊዩም

ሽማግሌው ሬዲዮ ጠጋኝ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ናቸው። ቀኝ እጃቸው ከተከፈተው አሮጌ አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ሃያ ዓመት ሙሉ ሬሳ አይታለች፤ ዛሬ ያቅለሸለሻት ግን ሬሳው አልነበረም። የሟቹ አማች፣ የልጃቸው ባል ነው። በሩን ተደግፎ ብርቱካን እየላጠ ይበላል፤ ልጣጩን ደግሞ የሟቹ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይጥላል!

ኤጭ! አለች በሆዷ። «እስቲ የሆነውን ንገረኝ።»

«መቼም እንደ አባቴ ነበሩ» አለ እያላመጠ። «የዚህ አምፕ ቮሊዩም ተበላሽቶ፣ ሲያዞሩት ይንኮሻኮሻል፤ አንዳንዴም በግራ በኩል ድምፁ ጥፍት ይላል። ጠዋቱን ሙሉ ዘፈን ከፍተው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ዘፈኑም ቀጥ አለ። እሳቸው መብራት የለም ብለው እጃቸውን ሲከቱ፣ ሚስቴ ብሬከሩን አነሳችው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ታድርግ፣ አላወቀችም። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

«ማ? አንተ?»

«ሚስቴ አይደለች እንዴ?»

መርፌ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። የሟች ልጅ ከብሬከሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ጨምድዳ ይዛለች።

«እሰሪኝ» አለች ቀና ሳትል። «በዚህ እጄ ነው አባቴን የገደልኩት።»

መርፌ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ቆይ እስቲ እህቴ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ካውያ ስሰካ ብሬከሩ ወደቀ። አመሉ ነው። ባሌ ከኮሪደሩ ‹አንሺው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!› ብሎ ጮኸብኝ። አነሳሁት። ወዲያው አባባ ጮኸ። እኔም ሰው ልጠራ ወደ ውጭ ሮጥኩ።»

«አባትሽ መሰኪያውን ሳይነቅሉ ነው ዕቃ የሚፈቱት?»

«አባባ? ኧረ ወዲያ! ዕቃ ሊፈታ ሲል ኮሪደሩ ላይ ያለውን መሰኪያ ይነቅልና፣ የግራ ጫማውን አውልቆ እዚያ ውስጥ ይከተዋል። ጫማው ግድግዳው ሥር ካለ ማንም ዝር አይልም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሕግ ነው። ዛሬ ግን... ባሌ ተሰክቶ ነው ያገኘሁት አለኝ።»

ሻሿ ሸርተት ሲል አንገቷ ላይ የበለዘ ነገር ታየ።

«ይኼስ?»

«በር መታኝ።»

«በር ጣት አለው እንዴ?»

ሴትየዋ ሻሿን ወደ አንገቷ መልሳ ሳበችው።

መርፌ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ሁለቱም ጫማዎች እግራቸው ላይ ናቸው። የግራውን ፈትታ ስታየው የጫማው ምላስ ታጥፎ ከእግር ጣቶቻቸው ሥር ተወትፏል። አምፑንም ጎንበስ ብላ አየችው። ቮሊዩሙ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ቀዳዳ ነው። ዕቃው ራሱ መደርደሪያው ላይ፣ ትንሽ ሳህን ውስጥ፣ ከነብሎኑ ተቀምጧል። የተነቀሉት ሽቦዎች እንዳይምታቱ ጫፋቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነበር።

በዚህ መሃል የአምፑ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ፣ እያለከለኩ ደረሱ። በወረቀት የተጠቀለለ አሮጌ ቮሊዩም ይዘዋል።

«ሦስት ሰዓት ላይ ደውሎልኝ ነበር እኮ!» አሉ። «‹ባጥበው ባጥበው አልሻል አለ፤ ውስጡ አልቋል። ነቅዬዋለሁና ሌላ ፈልገህ አምጣልኝ› አለኝ። ይኸው አምጥቼለት!»

መርፌ ሦስቱንም ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መምህር፣ ቮሊዩሙ ተነቅሎ ከዚያ አምፕ ዘፈን ይወጣል?»

«ከየት መጥቶ? ድምፁ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ድልድይ ፈርሶ መኪና ያልፋል?»

«ታዲያ አንተ እስከ አምስት ሰዓት የሰማኸው የትኛውን ዘፈን ነው?»

አማችየው ሳቅ አለ። «የጎረቤት ይሆናላ።»

«ቮሊዩሙን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የነበረውም ጎረቤት ነው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ዘፈን ካልነበረ አምፑ የሚሰካበት ምክንያት የለም። መሰኪያው ጫማ ውስጥ፣ ጫማው ኮሪደር ላይ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ማን እንደነበረ ራስህ ነግረኸኛል። ብሬከሩ ሲወድቅ መሰኪያውን አውጥተህ ሰካኸው፤ ከዚያ ሚስትህን አንሺው አልካት። እሷ ሰው ልትጠራ ስትሮጥ ጫማውን ለሬሳ አጠለቅክ። ቸኩለህ ምላሱን ከጣቶቹ ሥር ወተፍከው። በሕይወት ያለ ሰው እንዲያ ተጫምቶ አንድ እርምጃ አይሄድም።»

«ምን አድርገውኝ ነው የምገድላቸው?»

አስተማሪው ብድግ አሉ። «እኔ ልንገርህ! ‹ልጄን የሚደበድብ ሰው ዛሬ ከቤቴ ይወጣል› ብሎኛል። በስልክ! በዚህ ጆሮዬ!»

«ገዳይ ብዙ አይቻለሁ» አለች መርፌ። «አባትን በገዛ ልጃቸው እጅ አስገድሎ፣ ደሞ ለእሷ ይቅርታ አድራጊ የሚሆን ግን አላየሁም። ቱ! ታስጠላለህ።»

አማችየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺ፣ ንገሪያት እንጂ! ብሬከሩን ያነሳሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ» አለች። ዓይኗን ከመርፌ አልነቀለችም። «መሰኪያው ጫማው ውስጥ ቢሆን ኖሮስ?»

«አምፖሉ ይበራ፣ ካውያሽ ይሞቅ ነበር። በቃ፣ ሌላ ምንም።»

ሴትየዋ ጨምድዳ የያዘችውን እጇን ለቀቀችው።

«እንግዲያው ይኼን ሰውዬ ከፊቴ አውጡልኝ» አለች። «አባቴን ላልቅስ።»