ደቻቱ ወንዝ ነው?

«ነገርን ከሥሩ ነው! እኔን አትጠይቂኝ፤ ቆፍሪ!» አላት መምህሯ።

መድና አካፋውን አሸዋው ላይ ወረወረችው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊደርስ ነው። የጎረቤት ክፍል ልጆች ኖት ሲገለብጡ፣ የእነሱ ክፍል በዚህ ጠራራ ፀሐይ ድሬን የሚያቋርጠው ደረቁ ደቻቱ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍራል! አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ከወደቀች ትምህርት በቃ፣ መጋላ ገበያ ሱቅ ትቀመጣለች።

ጣጣው የመጣው በአንድ ጥያቄ ነው። በቅርቡ ከሐረር የመጣው ቲቸር ዓዋሌ «ደቻቱ ወንዝ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

መድና እጇን አወጣች። «አይደለም። ወንዝ ማለት ዘወትር የሚፈስ ውሃ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«መጽሐፉ ላይ አለ!»

«መጽሐፉ ድሬን አይቷታል?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። እርር ድብን ብላ በእረፍት ሰዓት ዲሬክተሩ ቢሮ ገባች። «ቲቸር ዓዋሌ አያስተምሩንም» አለች። ዲሬክተሩም «ራሴ መጥቼ አያለሁ፤ እውነት ከሆነ ይባረራል» አሉ። ቲቸር ዓዋሌ ደግሞ ዛሬ ክፍሉን አካፋ አስይዞ እዚህ አወጣው።

«ናያ መድና፣ ዎላሂ ረጠበ!» ስትል ጓደኛዋ ፋርቱን ከጉድጓዱ ጮኸች።

መድና ጎንበስ ብላ አየች። ከታች ውሃ አቁሯል። «አቦ፣ ይሄ የክረምቱ ትራፊ ነው!» ብላ የፋርቱንን ጣሳ ነጠቀችና በንዴት ጨልፋ ደፋችው። ተመለሰ። ደግማ ደፋችው። አሁንም ተመለሰ፤ ሁሌም የሚመጣው በተራራው በኩል ካለው ጎን ነው።

እጇ ቆመ። «ቲቸር፣ ከላይ ነው የሚመጣው። ከሥር… እየፈሰሰ ነው እንዴ?»

«እንጃ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ልትጮህበት ቃጣት። አሁንም መልሱን አይሰጣትም! ፈተናው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?

ዲሬክተሩ ጥቁር ጫማቸውን አሸዋ እየዋጠው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ቢሮዬ መጥተሽ ያልሽውን እስቲ ፊቱ ድገሚው።»

ቲቸር ዓዋሌ ዞሮ አያት። መድና ንዴቷ አልበረደላትም፤ በእሱም፣ በዲሬክተሩም፣ በመጽሐፉም ተናዳለች። ከሁሉም በላይ ግን በራሷ።

«ጌታዬ፣ ደቻቱ ወንዝ ነው?»

«የምን ወንዝ? ደረቅ አሸዋ ላይ ቆመሽ!»

«በምን አወቁ?»

መድና ጣሳውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«እንኩ፣ የጉድጓዱን ውሃ ቀድተው ይጨርሱት።»