መብራት ሲጠፋ የሚታየው

ሃዋኒ ቃለአብን መጀመሪያ የወደደችው በድምፁ ነው። ፊቱን ገና አላየችውም ነበር።

እጃጂ በምትባል ከተማ አስተማሪ ናት። እህቷ ስትሞት የስድስት ወር ሕፃን ትታላት ሄደች። ያቺ ሕፃን፣ ኡርጂ፣ አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ጉበቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባታል። ዕጢው በመድኃኒት ከሟሸሸ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አምቦ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ይዛት መጣች። ከአዲስ አበባ የመጡ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት በዚያ ነበሩ፤ በውሰት ያገኙትንም ካሜራ ይዘው መጥተዋል።

ሃዋኒ የካርድ ክፍል መስሏት አንዱን በር ከፈተች። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«በሩን ዝጊው እባክሽ» አላት አንድ የወንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ። «ውጪ አላልኩሽም፤ ዝጊው ብቻ።»

ዘጋችው። ለምን እንደታዘዘች እስከዛሬ አታውቅም።

ሰውዬው ካሜራውን እየሞከረ ነበር። ለዓይን የጎመን ውኃ የምትመስል አንዲት የመድኃኒት ጠብታ ስክሪኑ ላይ ቦግ ብላ ታበራለች። ኡርጂ ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ በጨለማው ውስጥ ሳቀ። ሃዋኒ ያን ሳቅ ወደደችው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ?

መብራቱ ሲበራ ቃለአብን አየችው። ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ ማበጠሪያ የናፈቀው፣ አምቦ ተወልዶ ያደገ የካሜራው ባለሙያ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እያደረገ አስረዳት። ያ የሚያበራው መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በኡርጂ ክንድ በመርፌ ይሰጣል። ጤነኛው ጉበት አጥቦ ይሸኘዋል፤ ዕጢው ግን አልለቅም ብሎ ይይዘዋል። ያኔ መብራት አጥፍተው በካሜራው ሲያዩ የተደበቀው ሁሉ እያበራ ራሱን ያጋልጣል። በዓይን ሳይታይ የቀረ ቁራጭ ካለ ተመልሶ ያድጋል አላት። መርፌው ማክሰኞ ነው፣ ቀዶ ሕክምናው አርብ። በማግስቱ ካሜራው ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል።

እስከ ማክሰኞ ድረስ ቃለአብ ኡርጂን የሚያይበት ምክንያት አላጣም። አንድ ቀን ብርቱካን፣ አንድ ቀን ፊኛ። ልጅቱን ሊያይ መጥቶ አክስቷን ሲያይ ይውላል። ሃዋኒም አላየሁም ትል ነበር፤ አይታለች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ አምቦ ባረፉበት ቤት፣ ኡርጂ ከአልጋዋ ላይ የለችም። አብረዋቸው የመጡት አያቷም የሉም።

ኦቦ ሆርዶፋ፣ የሃዋኒ አባት፣ ብረት ሳይነካት በፊት ልጅቱን በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ካለው ቂርቆስ ገዳም ሊያደርሷት ተስለው ነበር። ስለት ሳይደርስ ከተወራ ይረክሳል ብለው ስለሚያምኑ ለማንም አልተነፈሱም። መርፌውም ለነገ ቢያድር ምን አለበት ብለው፣ ጧፋቸውን ይዘው በንጋት ተሳፈሩ። ስልካቸው አይሠራም። ሲሳፈሩ ያየቻቸው ጎረቤት ባትነግራት ሃዋኒ የት ብላ ትፈልጋቸው ነበር?

ሆስፒታል ስትደርስ ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም። ቃለአብ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም። ከጓደኛው ሞተር ተዋሰና «ከኋላዬ ውጪ» አላት።

ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሲደርሱ ጀልባው ደሴቱ ላይ ነው። ጭጋጉ ከውኃው ላይ ገና አልተነሣም፤ ደሴቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ዳር ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ሃዋኒ መፍራት ሲገባት ልቧ ደስ አለው፣ በዚህም አፈረች።

«የመርፌው ጊዜ ካለፈስ?» አለችው።

«ሰዓቱ ነው ያለፈው። ቀኑ አላለፈም።» ከዚያ ወደ ውኃው እያየ፣ «ሃዋኒ፣ እወድሻለሁ። ቦታው አይደለም፣ አውቃለሁ።»



«ኡርጂ ከዚያ ክፍል እስክትወጣ ለራሴ የሚሆን ልብ የለኝም» አለችው። «አሁን አትጠይቀኝ።»

«አልጠይቅሽም» አለ። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ጀልባው ከጭጋጉ ወጣ። ኦቦ ሆርዶፋ ኡርጂን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደታቀፉ፣ ቁጣ እየጠበቁ ወረዱ። ቃለአብ ግን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ስለትዎ ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ደርሷል አሉት። እንግዲያው የቀረው የእኛ ነው አለና ልጅቱን ተቀበላቸው። ከሰዓት በፊት አምቦ ተመልሰው ኡርጂ መርፌዋን ወሰደች።

አርብ ዕለት አባትና ልጅ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ባለችው ጠባብ መስታወት የሚታየው ብርሃን በድንገት ድርግም አለ። ኦቦ ሆርዶፋ ብድግ አሉ።

«መብራት ሄደ። ልጄን ከፍተዋት መብራት ሄደ።»

«አልሄደም አባ» አለች ሃዋኒ፣ እጃቸውን ይዛ። «እነሱ ናቸው ያጠፉት። ሊያዩ ነው።»

በራ። እንደገና ጠፋ። በራ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ሃዋኒ ዓይኗን ጨፈነች።

ቃለአብ ጭምብሉን አንገቱ ላይ አውርዶ ወጣ። ትልቁን ካወጡ በኋላ ጉበቷ ጥግ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር ስታበራ አገኙ፤ በዓይን ማንም አላያትም ነበር። እሷንም አወጧት አላቸው።

«መጨረሻ ላይ መብራቱን ስታጠፉትስ?» አለችው ሃዋኒ።

«ምንም። ጨለማ ብቻ።»

እንባዋ ወረደ። ኦቦ ሆርዶፋ «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» እያሉ ትከሻውን ያዙት። አመስግነው አልጠግብ አሉ። ከዚያ ግን የአባት ዓይን ነውና፣ ልጃቸው ሰውየውን እንዴት እንደምታየው አዩ።

«ሃዋኒ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህ ልጅ የማን ነው?»

ቃለአብ የአባቱን ስም ሊጠራ አፉን ከፈተ። ሃዋኒ ቀደመችው።

«የኔ ነው አባ።»

ኦቦ ሆርዶፋ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።