የዶክተር ፊልጶስ መነጽር

የዩኒቨርሲቲው ረዳት መምህር ያረጋል ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሲወድቅ ግቢውን የሞላው ሰው ሁሉ አንጋጦ ወደ ላይ እያየ ነበር፤ ያየው ግን አልነበረም። ፀሐይዋ በግርዶሹ ልትሸፈን ጥቂት ቀርቷት ስለነበር የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ሰውነቱ መሬት ሲነካ የተሰማውን ድምፅ አንዳንዱ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ።

ዝግጅቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስን ለሕዝብ አስተምራለሁ ብሎ ቡታጅራ ድረስ ይዞት የመጣው ነው። ፀሐይ እንዲያዩ የተጠሩት የክብር እንግዶች ከፀሐይ በሚከልል ድንኳን ሥር ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጡ ነበር። የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል ኃላፊ ዶክተር ፊልጶስ ከግርዶሹ የረዘመ ንግግር አደረጉ። ንግግሩን የጻፈላቸው ረዳታቸው ያረጋል ነው፤ የግርዶሽ መነጽሩን ለሕዝቡ ያደለውም፣ ቴሌስኮፑን ጣሪያው ላይ የተከለውም እሱ ነው። ዶክተሩ አነበቡ፤ ጭብጨባውም የእሳቸው ሆነ።

ኢንስፔክተር ከድጄ ከወልቂጤ ስትደርስ የከተማው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶት ጠበቃት። የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ናጃህ ካቴና ገብቶለታል። ምስክሩ ዶክተሩ ናቸው፤ ዶክተር ከተናገረ ሌላ ማጣራት ምን ያደርጋል።

ከድጄ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ወጣች። ሟቹ ከወደቀ ወዲህ ማንም እንዳልወጣ በሩን የዘጋው ፖሊስ አረጋገጠላት። ቴሌስኮፑ ተጋድሟል፤ አንዱ እግሩ ተሰብሯል። ዙሪያውን ወገብ የሚደርስ ግንብ ስላለ የተሰበረው እግር ከግቢው አይታይም። ስትወርድ ከተጣሉት የግርዶሽ መነጽሮች አንዱን አንስታ አጠለቀችው፤ ወደ ሰማይም ወደ መሬትም አየችበትና ኪሷ ከተተችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ናጃህ፣ የታሰረ እጁን ለሰላምታ መዘርጋት አቅቶት።

«ወአለይኩም ሰላም። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀሃል አሉኝ።»

«ቴሌስኮፑን ተማሪዎቼ ቀድመው ይዩበት ብዬ ነው። ወዳጄ ያረጋልም ፈልጎ ነበር፤ እንግዶቹ ይቅደሙ ያሉት አለቃው ናቸው። ሲወድቅ እኔ ወላሂ ከተማሪዎቼ ጋር ነበርኩ።»

«አይተውሃል?»

«ሁሉም መነጽር አድርገው ፀሐይዋን ነው የሚያዩት። ዶክተሩ ገደልክ እያሉኝ ማን እኔን ያምነኛል? በቃ ዕድሜዬ እስር ቤት ማለቁ ነው።»

ማይክ ይዛ ዝግጅቱን ስትመራ የነበረችው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ማርቲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያረጋል ዶክተሩን ጠዋት ምን እንዳላቸው ሰምቻለሁ። ከግርዶሹ በኋላ የሕዝቡን ጥያቄ ራስዎ ይመልሱ፣ አለዚያ ዶክትሬቱ የውሸት መሆኑን በማይኩ እናገራለሁ አላቸው።»

ከድጄ ዶክተሩን ድንኳኑ ውስጥ አገኘቻቸው። ከረዳታቸው አስከሬን ይልቅ የተቋረጠው ዝግጅታቸው ያስቆጫቸው ይመስል ነበር።

«ግቢው መሃል ቆሜ በዓይኔ አየሁት» አሉ። «ናጃህ ከኋላው መጣ፤ የቴሌስኮፑን እግር ረግጦ ሰበረው፤ ከዚያ ገፈተረው።»

«ያኔ መነጽርዎን አውልቀው ነበር?»

«ምን ነካሽ? አንዴም አላወለቅሁም። አታውልቁ ብዬ ሕዝቡን ያስጠነቀቅሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«በመነጽሩ ውስጥ ሆነው ነው ናጃህን የለዩት?»

«አሁን አንቺን እንደማይሽ።»

ከድጄ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ እንግዶቹም ለወሬው ሲሉ ሳይጠሩ ገቡ። ዶክተሩ ቃላቸውን ደገሙት፤ መነጽሩን አለማውለቃቸውን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከድጄ ከኪሷ መነጽሩን አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ያድርጉትና ናጃህን ይጠቁሙልኝ።»

አደረጉት። ጣታቸውን አነሱ፤ ጣቱ ወዲያ ወዲህ ዞሮ ወረደ።

«ጨለመብዎት አይደል?» አለች ከድጄ። «በዚህ መነጽር ከፀሐይ በቀር ምንም አይታይም። ግቢው ውስጥ አንዴ ያጠለቀው ሕፃን ሁሉ ይህን ያውቃል። እርስዎ ግን ለሰው ያሳደሉትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አልሞከሩትም፤ ሁሉም ሲያጠልቅ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። የት እንደነበሩ ደግሞ ራስዎ ነገሩኝ። የቴሌስኮፑ እግር ከግንቡ ኋላ ነው፤ መሰበሩን ሊያውቅ የሚችለው ሲሰበር ጣሪያው ላይ የነበረ ሰው ነው። ያንን ሰዓት የመረጡትም ሰው ሁሉ መነጽር አድርጎ ሌላ ነገር ስለማያይ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር። ለካ ያንንም አያውቁም፤ ዕድል ነው የሸፈነዎት። ያረጋል በሕይወት ቢቆይ ከግርዶሹ በኋላ ማይኩ ወደ እርስዎ ይመጣ ነበር።»

ዶክተር ፊልጶስ መነጽሩን አወለቁ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ከእንግዶቹ ዓይኑን የሚሰብር እንጂ የሚያግዛቸው አልነበረም።

«አንድ ተራ ረዳት» አሉ፣ «በገበሬና በነጋዴ ፊት ሊያዋርደኝ ነው? ስለ ጨረቃና ፀሐይ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«አላውቅም ቢሉስ?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከናጃህ እጅ ፈትቶ ወደ እሳቸው ዞረ። ናጃህ የቀላ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ወዳጁ ገዳይ ቀረበ።

«እኔ ለተማሪዎቼ ‹አላውቅም› በየቀኑ እላለሁ» አለ። «አንተ አንድ ጊዜ ማለት አቅቶህ ነው ሰው የገደልከው?»