የአናጺው አፍንጫ

ሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ያውም ቫርኒሹ ያልደረቀ ወንበር ላይ። አናጺ በሕይወት እያለ የማያደርገው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

መርማሪዋ ይህን አየችና ወደ ጭንቅላቱ ዞረች። ጭንቅላቱ አሮጌ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ውስጥ ነው። ከሄልሜቱ ኋላ ቆርፋዳ ቱቦ ወጥቶ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓሮ ያልፋል። አንገቱ ላይ የፕሬዠር ድስት ጎማ ገብቷል፤ ከጎማው ሥር ደግሞ ከዝናብ ካፖርት የተሰፋ ሰፊ ኮሌታ ትከሻውን ሸፍኖታል። ብሩሹ በቆርቆሮው አፍ ላይ በሥርዓቱ ተጋድሟል።

«ወደ ጨረቃ ሊሄድ የነበረ ይመስላል» አለ አብሯት የመጣው ሃምሳ አለቃ። ወዲያው አፍንጫውን ያዘ። «ኧረ ሸቷል! ስንት ቀኑ ነው?»

«የዛሬ ጠዋት ሬሳ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሽታው የሱ አይደለም፤ ሰውየውን አትሙ።»

ሽታው ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር፤ የሞተ አይጥ፣ ከሞተም የሰነበተ። አይጡ ካለበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ በከፊል የተጠጣ ሻይና የተገመጠ ዳቦ ተቀምጧል። መርማሪዋ ዳቦውን ከአይጡ ይልቅ ረዘም አድርጋ አየችው። በጣቢያው «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰው ወሬ ሁሉ ያልፍባታል፣ ጠጠሩ ግን ይቀራል።

ሐኪሙ ሄልሜቱን አወለቀ። የሟቹ ፊት እንደ ሙሽራ ቀልቷል።

«የሞተር ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በጭስ የታፈነ ሰው እንዲህ ይቀላል። ግን እዚህ ቤት ሞተር የለም።»

ግቢው በር ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ግን ሐኪም አላስፈለገውም።

«ማሽኑ ነፍሱን መጦ ወሰዳት!»

«የሠራችለት ልጁ ናት አሉ።»

«ወይ ጉድ! ልጅ ወልዶ!»

ልጅቷ ሁሉንም ትሰማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩን ከአንገቷ ለማውረድ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። እናቷ ደረጃው ላይ ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ጠዋት ማሽኑ ሲጮህ ሰምተው፣ ሰውየው አልመልስ ሲላቸው ገብተው ሶኬቱን የነቀሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩም።

ወንፊት ልጅቷን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። በአናጺው ቤትና በወንድሙ ጋራዥ መሃል አንድ ሰው በጎን የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። ማሽኑ እዚያ ጡብ ላይ ተቀምጧል።

«እስኪ አስረጂኝ» አለቻት። «እኔ ከማሽን የማውቀው ሻይ ማፍያ ብቻ ነው።»

«የቤታችን ቫኪዩም ነበር» አለች ልጅቷ። «ለምንጣፍ ደክሟል፤ ለአንድ ሰው ትንፋሽ ግን ይተርፋል። አባዬን የቫርኒሹ ሽታና የእንጨቱ አቧራ ሳንባውን በሉት። ሐኪም ‹ወይ ሥራህን ወይ ሳንባህን› ሲለው ‹ሁለቱንም አልሰጥም› አለ። እና ሠራሁለት። ከዚህ ንጹሕ አየር ይስባል፣ ወደ ሄልሜቱ ይነፋል።» በጣቷ ወደ ማሽኑ አፍ ጠቆመች። «የሚስበውን ቀዳዳ በጥፍር ቀለም ቀይ ቀባሁለት፣ እንዳያምታታው። አፉ ላይ ከትራስ ልብስ የሰፋሁት ጨርቅ አለ፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ከረጢት። አቧራ ድርብ በር አያልፍም ብዬ... እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ጨርቁን ማን አጠለቀው?»

«እኔ። ትናንት አጥቤ።»

ወንፊት ጎንበስ አለች። ጨርቁ እንደታጠበ ነጭ ነው። ስፌቱ ግን ወደ ውጭ ወጥቶ፣ የክሩ ጫፎች እንደ ድመት ጢም ተንጨባርረዋል። ጨርቁን አወለቀችው። የቀዳዳው ከንፈር ላይ ቀዩ ቀለም ዙሪያውን ተልጧል። ክዳኑን ከፍታ የውስጡን ከረጢት አወጣች፤ ጥላሸት ነው፣ የተቃጠለ ነዳጅ ይሸታል።

«ለጥያቄሽ ትንሽ ታገሽኝ» አለች፤ ሁለቱንም ወረቀት ውስጥ ጠቀለለቻቸው።

ከእናቲቱ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ጠላት ነበረው?»

«ጠላት? ከምስማር ጋር እንኳ ተጣልቶ አያውቅም።»

«እዚያ መሥሪያ ቤቱ ይገባሉ?»

«እኔ? ዛሬ ነው የገባሁት። ቲነሩ ራሴን ይፈልጠዋል፤ ምሳውን በር ላይ ነው የማቀብለው።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «እሱ ግን እዚያ ሆኖ፣ ገና ሽንኩርቱን ዘይት ላይ ጣል ከማድረጌ፣ ‹አቤት ሽታው! ዛሬስ ልትገድይኝ ነው!› ይለኛል። በትዳራችን አንድ ቀን አላጓደለም። አፍንጫው የውሻ ነበር፣ ልጄ።»

«ውሻም አንዳንዴ ይሳሳታል» አለች ወንፊት፤ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

የግቢው ተከራይ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ክፍላቸው በጋራዡ አንጻር ነው፤ ጆሯቸውም ገና ጡረታ አልወጣም።

«ጫጫታ ነው እንጂ ግቢ አይደለም» አሉ። «ባንድ በኩል የሱ ማሽን፣ ባንድ በኩል የወንድሙ መኪና! ዛሬማ አንዱ መኪና ቆሞ ሲያንኮራፋ ነው ያረፈደው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወንድማማቾቹ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ታላቅየው ‹ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ› ይላል። ምኑን እንደሆነ እንጃ። መስኮቴን ዘጋሁ።»

«መስኮቱን ከዘጉ በኋላስ?»

«ከዘጋሁ በኋላ አይሰማም፤ ሞክሬያለሁ።»

ወንፊት ሳቋን ዋጠች። «ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ደግ ሰው ነበር፤ ግን ያሾፍብኛል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር እዚች ጋ ይቆምና፣ ‹አቤት መዓዛ! መምህር፣ ግቢውን አሳመርከው› ይለኛል።» መስኮቱ ላይ ወደተደረደሩት አበቦች ጠቆሙ። ወንፊት አንዷን ዳሰሰቻት፤ ፕላስቲክ ናት።

«አቧራቸውን እጠርግላቸዋለሁ እንጂ ውኃ አጠጥቻቸው አላውቅም» አሉ መምህሩ በቅሬታ። «እንዲህ ያለ ሹፈት በኔ ዕድሜ ላለ ሰው ይገባል?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ እጁ ግን ከጠራ ቆይቷል።

«ስንቴ ነገርኩት! ‹ጋሼ፣ የቆሻሻ ዕቃ አፍህ ላይ አታድርግ› አልኩት። ልጅቷን ግን አልፈርድባትም፤ በፍቅር ያደረገችው ነው። ፍቅርም ይገድላል።» እንባውን ጠረገ። «እኔ ባልኖር እኮ ድሮ በሞተ! ባለፈው እዚህ ጋራዥ መጥቶ፣ ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ክብሪት ሊጭር ነው። ዘልዬ ከእጁ ነጠቅኩት። ‹ምነው?› ይለኛል። የተደፋው ቤንዚን እግሩ ሥር ኩሬ ሠርቷል እኮ!»

«እግዜር ይስጥዎት» አለች ወንፊት። «ዛሬ ጠዋት መኪና አስነሥተው ነበር?»

«የመካኒክ ቤት እኮ ነው። መኪና የማይነሣበት ቀን አለ?»

ግድግዳው ላይ የጎማ ቱቦዎች ተጠቅልለው ተሰቅለዋል። ወንፊት ሃምሳ አለቃውን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ እሱም ገባው።

የመጨረሻው ጠጠር ከአናጺው መደርደሪያ ተገኘ። ከቫርኒሽ ቆርቆሮዎቹ ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ካርቶን አለ፤ ውስጡ አዲስ፣ ዘይት ያልነካው የፍሬን ሸራ።

«አናጺ በፍሬን ሸራ ምን ይሠራል?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ወንበሩ ቁልቁለት እንዳይንሸራተት ይሆናላ።»

ሃምሳ አለቃው ካርቶኑን ሲያገላብጥ በጠመኔ የተጻፈ የታርጋ ቁጥር አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ባለፈው ወር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሰው የፈጀው ሚኒባስ ቁጥር ነው። ሹፌሩ «ሸራውን ገና ማስቀየሬ ነው» እያለ እየማለ እስር ቤት ተቀምጧል፤ የሚያምነው አላገኘም።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ወንፊት እናትና ልጅን፣ መምህሩንና መካኒኩን አናጺው ቤት ሰበሰበቻቸው። ያልደረቀው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«ሰፈሩ ማሽኑ ገደለው ብሏል» አለች። «ማሽን ግን የሰጡትን ነው የሚሰጠው። ጥያቄው ማን ምን ሰጠው ነው።»

ሁለቱን ጨርቆች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ይሄ ከማሽኑ አፍ ላይ ያገኘሁት ነው፤ ነጭ። ይሄ ከሆዱ የወጣው ነው፤ ጥቁር። ጭሱ ከጋራዡ በነፋስ መጥቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠቁረው የአፉ ነበር። እንግዳ በር ሳይረግጥ ሳሎን አይገባም። ስለዚህ ጭሱ ሲገባ ይሄ ጨርቅ ቦታው ላይ አልነበረም። ሰው አውልቆታል፤ ከዚያም መልሶታል፣ ገልብጦ። የትራስ ልብስ ሲወልቅ ይገለበጣል፤ የቸኮለ ሰው እንደወለቀ ያጠልቀዋል። ልብስ ሰፊ ግን ስፌቷን ለዓለም አታሳይም።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ቸኩላም ሊሆን ይችላል» አለ መካኒኩ።

«ይችላል። ለዚህ ነው ሌላ ነገር የፈለግሁት። የሞተር ጭስ ይሸታል። እናንተ ብትሆኑ በመጀመሪያው ትንፋሽ ሄልሜቱን ወርውራችሁ ትወጣላችሁ። ገዳዩ ይህ ሰው ወርውሮ እንደማይወጣ በምን እርግጠኛ ሆነ?»

ሄልሜቱን አንሥታ ጨርቆቹ አጠገብ አኖረችው።

«አናጺው ማሽተት አይችልም ነበር።»

«ሐሰት ነው!» አሉ እናቲቱ ተነሥተው። «የኔን ሽንኩርት...»

«ዘይቱ ሲንጫጫ እየሰማ ነበር፣ እናቴ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚህ የሞተ አይጥ ሲሸት ሰንብቷል፤ እሱ አጠገቡ ዳቦ ይበላ ነበር። የመምህርን የፕላስቲክ አበባም መዓዛውን አመስግኖላቸዋል።»

«እያሾፈብኝ አልነበረም?» አሉ መምህሩ።

«እየተወዳጀዎት ነበር።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

«አፍንጫውን ቫርኒሹ ከወሰደበት ቆይቷል። ደበቀው። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ ደበቀው። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቤንዚን መሃል ቆሞ ክብሪት ሊጭር ሲል ያየው ሰው።»

መካኒኩ ቀይ ሆነ። «አሃ! ሕይወቱን ስላተረፍኩ ገዳይ ልሆን ነው? አንቺ ሴትዮ፣ ክብሪት ማስረጃ ሆኖ ያውቃል?»

«ክብሪቱማ ጋራዥዎ ድረስ መንገድ አበራልኝ እንጂ ሌላ አልሠራም። የቀረውን የነገረኝ ቱቦው ነው።»

ሃምሳ አለቃው የጎማ ቱቦ አምጥቶ አፉን ወደ መብራቱ አዞረው። በጥቁሩ ጎማ ውስጠኛ ከንፈር ላይ ቀይ ቅርፊት ዙሪያውን ተጣብቋል።

«ጋራዥዎ ውስጥ ጥፍሩን የሚቀባ ሠራተኛ አለ?»

መካኒኩ እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ አጣጠፈ።

«ባንዱ ጫፍ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ ባንዱ ጫፍ የወንድምዎ ትንፋሽ» አለች ወንፊት፤ ካርቶኑንም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ምክንያቱ ይሄ ነው። ቀየርኩት ያሉት ሸራ ከካርቶኑ አልወጣም። ወንድምዎ ጋራዥዎ ውስጥ አገኘውና ወሰደው።»

መካኒኩ ካርቶኑን ገፋ አደረገው። «ነገ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው መኪናውን የለቀቅኩት...» አለ። «ሥራ በዝቶብኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ... ከዚያ ያ ነገር ሆነ። ጋሼ ‹ሹፌሩ በጨለማ ቤት አንተ በብርሃን አትኖሩም፤ ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ› አለኝ። የእናቴ ልጅ ሆኖ እንዴት አሳልፎ ይሰጠኛል?»

«እሱስ የእናትህ ልጅ አልነበረም?» አሉ እናቲቱ።

ሃምሳ አለቃው መካኒኩን ይዞ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ማሽኑን ሲረግም የዋለው ጎረቤት መንገድ ለቀቀ፤ ሁሉም ድንገት እቤቱ ሥራ እንዳለው ትዝ አለው።

ወንፊት አንድ ነገር አልተናገረችም። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ጭሱ በረጅሙ ቱቦ አልፎ ሲደርስ ሞቅ ያለ አየር ነው የሚሆነው። አናጺው ጭንቅላቱ ከብዶት፣ ብሩሹን በሥርዓት አስቀምጦ፣ ያገኘው ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ልጄ ደግሞ ማሞቂያ ጨመረችልኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ጠጠር ለራሷ አስቀረችው።

«ለጥያቄሽ» አለቻት ልጅቷን፣ ልትወጣ ስትል። «ማሽንሽ አልገደለውም። እስከ ዛሬ ያኖረው እሱ ነው።»

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። እናቲቱ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ። ጠጋ ብለው ሜትሩን ከአንገቷ አወረዱላት፣ ጠቅልለው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ወጡን ስንቴ አሳርሬበታለሁ መሰለሽ» አሉ። «ያረረውንም ‹አቤት ሽታው!› እያለ በላልኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ አምኜው... ከእንግዲህ ማን ይለኛል?»

«እኔ እልሻለሁ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። ከለቅሶው ብዛት አፍንጫዋ ተደፍኖ፣ በዚያች ሰዓት እሷም ምንም አይሸታትም ነበር።