የሸክላው ጀርባ

«ዝም በይ! ስሚ!» ገላነሽ የይርገዱን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

ሁለቱ ጓደኛሞች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከይርገዱ እናት ከእትዬ ጥሩብርሃን ጠጅ ቤት ግድግዳ ሥር ቆመው ነበር። በመስኮቱ የሸክላ ዘፈን ይሰማል። ዘፋኙ የወረታው አዝማሪ ደሳለው ነው። ሸክላው አዲስ አበባ ላይ መውጣቱ በሬዲዮ የተነገረው ባለፈው ዓመት በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ስለ ነበር፣ እትዬ ጥሩብርሃን ዘንድሮ ዓመቱን ሊያከብሩለት ተነሥተዋል። ደሳለው ራሱ ይመጣል ተብሏል። ከተማው «ዘፈን ደግሞ እንደ ሰው ልደት አለው እንዴ?» እያለ ቢሥቅም፣ ለመቅረት ያሰበ ግን አልነበረም።

የሸክላውን ፊት ወረታ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጠጅ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ያጫወተው እሱን ብቻ ነው። ዛሬ እትዬ ጥሩብርሃን ለበዓሉ ሲዘጋጁ ገልብጠው ጀርባውን አስቀመጡት።

«ርቡ ሞልቶብኝ ከማዶ ብትቀር፣
እጣራለሁኝ ድምፄ እስኪሻገር።»

የገላነሽ እናት በወባው ዓመት ስትሞት እሷ ገና ሕፃን ነበረች፤ መልኳን እንኳ በደንብ አታስታውሰውም። የቀራት ይህ ግጥም ብቻ ነው። እናቷ ስታስተኛት ያንጎራጎረችላት፣ ከሁለታቸው በቀር ማንም የማያውቀው ይመስላት ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ ነግራዋለች። ርብ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፣ ለይርገዱ።

«ለማን ነገርሽው?» አለች።

«ለማንም።» ይርገዱ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«ታዲያ ደሳለው ከየት አመጣው? ከሰማይ ወረደለት?»

«እኔ አልሰጠሁም፣ ገላነሽ።»

«ማን እንደ ሰጠውስ ታውቂያለሽ?»

ይርገዱ ከንፈሯን ነከሰችና፣ «እናቴ ትፈልገኛለች» ብላ በጓሮ በር ገባች። ገላነሽ አልተከተለቻትም። አባቷ መሪጌታ አዛናው የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጃቸው የጠጅ ቤቱን ደጃፍ እንዳትረግጥ ከልክለዋታል።

ከዚያን ዕለት ወዲያ ሁሉም ነገር ማስረጃ ሆነባት። ደሳለው ወረታ ሲመጣ የሚያርፈው እነይርገዱ ቤት ነው። ካቻምና ክረምት፣ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት፣ እዚያው ሰንብቷል። ይርገዱም ከዚያ ክረምት ጀምሮ ጠባይዋ ተለውጧል። ቀድሞ መሪጌታን መንገድ ላይ ስታገኝ ሮጣ ጉልበት ትስም የነበረችው ልጅ፣ አሁን ከሩቅ ስታያቸው አቀርቅራ መንገድ ትቀይራለች። ገላነሽ ይህን ሁሉ ሳታስተውለው መቅረቷ አናደዳት። ሌባ ካልሆነች ለምን ትሸሻለች?

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ልጆች ሁሉ እያዩ ፊት ለፊቷ ቆመች። «እስቲ ማይ! ‹ምንም አላውቅም› ብለሽ በጊዮርጊስ ማይ!»

«አልምልም» አለች ይርገዱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«አያችሁ?» አለች ገላነሽ ወደ ልጆቹ ዞራ።

የቀረውን ለማረው ነገረችው። ማረው አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ለእሱ መንገር በገበያ መሐል እንደ ማስለፈፍ ነበር። «የሙት ቃል ለአዝማሪ አሳልፋ ሰጠች» የሚለው ወሬ ከደወሉ በፊት ክፍሉን አዳረሰ። ከይርገዱ ጋር የሚጫወት ጠፋ። እሷም አልተከራከረችም። ዝምታዋ ገላነሽን ይበልጥ አስቆጣት፤ ሰው ንጹሕ ከሆነ ይጮሃል ብላ ታስብ ነበርና።

በጊዮርጊስ ዕለት ደሳለው ከባሕር ዳር በሚመጣ የጭነት መኪና ከተፍ አለ። የሐሙሲትና የይፋግ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው ከጠጅ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ ሞሉት። ገላነሽ ሰዉ በመኪናው ዙሪያ ሲተራመስ በጓሮ በኩል ዞረች። ደሳለው ግንድ ላይ ተቀምጦ የማሲንቆውን ጭራ ያጠብቃል።

«ጋሼ፣ በሸክላው ጀርባ ያለውን ግጥም ማን ሰጠዎት?»

ቀና ብሎ አያት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የመሪጌታ አዛናው።»

ማሲንቆውን ቀስ ብሎ ከጉልበቱ አወረደ። «እንዲያ ከሆነ እኔን አትጠይቂኝ። ቃል አለብኝ።»

«ይርገዱ ናት። አውቄያለሁ።»

«ይች ልጅ? ምን በወጣት! እሷማ መሪጌታ ጠጅ አይነኩም ብላ ውኃ ከማቅረብ በቀር…»

ንግግሩን አቋረጠ፤ ግን ዘግይቶ ነበር።

«አባቴ? አባቴ እዚህ?»

ደሳለው ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካቻምና ክረምት ነው። ዝናቡ ሲወርድ ጋቢ ተከናንበው በዚህ በር ገቡ። ‹እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አልለው ነገር፤ አንተ ካልዘፈንኸው ከእኔ ጋር ይቀበራል› አሉኝ። ተማሪ ሳሉ ወንዙ ሞልቶ ከማዶ ሲያግዳቸው፣ እናትሽ በወዲህኛው ዳር ቆማ በዚህ ግጥም ትጣራቸው ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቆረጠ። ይርገዱን ለማንም እንዳትናገር አስምለዋታል። ይህ ቢወራ የደብሩ አለቃ ከማስተማር ያግዷቸዋልና።»

ገላነሽ ግጥሙን በልቧ ደገመችው። «ብትቀር» ይላል፤ «ብትቀሪ» አይልም። ስንት ዓመት በቃሏ ስትለው ይህን ልብ ብላው አታውቅም ነበር። እናቷ አንድም ቀን እሷን አልጠራችም፤ የጠራችው አባቷን ነው። የተሰማት ቅናት ይሁን ሐዘን አልለየችውም። ወዲያው ደግሞ ይርገዱ ትዝ አለቻት።

ወደ ሜዳው ወጣች። ደሳለው ተከትሏት ወጥቶ ፊተኛውን ዘፈን ዘፈነ፤ ሰዉ አብሮ ተቀበለው። እትዬ ጥሩብርሃን ግን አልበቃቸውም። «የጀርባውንም! የጀርባውንም!» አሉ እያጨበጨቡ።

ደሳለው አመንትቶ ጀመረ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ ማረው ከሕዝቡ መሐል ጮኸ።

«ይህ የገላነሽ እናት ግጥም ነው! ይርገዱ ናት ሰርቃ የሰጠችው!»

ማሲንቆው ቆመ። እትዬ ጥሩብርሃን ብርሌ እንደ ያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንች? እውነት ነው?»

ይርገዱ የቆመችው በሩ ላይ ነው። ፊቷ ነጥቷል። ገላነሽን አየቻት። ሁሉም የእሷን ዓይን ተከትሎ ወደ ገላነሽ ዞረ። ያን ጊዜ ገላነሽ ከሕዝቡ ጀርባ፣ ከቤተ ክርስቲያን በሚያመጣው መንገድ ዳር፣ ነጭ ጥምጥም አየች። አባቷ ጥላቸውን እንደ ዘረጉ ቆመዋል። ሰምተዋል።

ጠበቀቻቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ጥላቸውን ዝቅ አደረጉት፤ ፊታቸው ተሸፈነ።

«ይርገዱ አልሰጠችም» አለች ገላነሽ። «ግጥሙ የእናቴ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«የመሪጌታ ልጅ? ጠጅ ቤት ገብታ?» አለ አንድ ሰው። ሌላው ሣቀ። አንዲት ሴት አማተበች። ገላነሽ ጆሮዋ እየጋለ በመሐላቸው አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገዱ ዳር ማንም አልነበረም።

አባቷ ቀድመዋት ደርሰው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተዋል። ስትገባ ቀና አላሉም።

«አፌ ላይ ነበር» አሉ። «አልወጣም።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባዬ? ለእኔ እንኳ?»

«አፍሬ ነው። ለአዝማሪ ያልሁትን ለልጄ ማለት ከበደኝ።» እጃቸውን ተመለከቱ። «የሕዝቡ ዓይን ሲያርፍብሽ አየሁ። ነገ ለአለቃ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። አንችን ማንም አይነካሽም።»

ገላነሽ ፊታቸውን አየች። ትናንት ቢሆን ቃላቸው ይበቃት ነበር። ዛሬ ግን ልክ ይርገዱን እንደ መረመረቻት፣ ዓይናቸውን፣ ጣቶቻቸውን፣ የድምፃቸውን መንቀጥቀጥ ስትመረምር ራሷን አገኘችው። ነገ እውነት ይናገሩ እንደ ሆነ ማወቅ አልቻለችም። ራሳቸውም የሚያውቁ አልመሰላትም።

«ለአለቃ መንገሩ የእርስዎ ነው» አለች። «ይርገዱ ግን ነገን የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።»

«ወዴት ነው?» አሉ፣ ወደ በሩ ስትዞር።

«እነሱ ቤት።»

መሪጌታ ሊከለክሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጠጅ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፤ ሾፌሮቹም፣ ነጋዴዎቹም፣ ማረውና ሌሎቹ ልጆችም ደጃፉን ሞልተዋል። ገላነሽ የጓሮውን በር አልፋ በዋናው በር ገባች። ወሬው ቀጥ አለ።

«እትዬ ጥሩብርሃን» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ «ይርገዱን በሐሰት ከስሻታለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

እትዬ ጥሩብርሃን ተመለከቷት። ከዚያም ይርገዱ ወዳለችበት ጓዳ ከሚያስገባው መተላለፊያ ዞር አሉላት።