መብራቱ የእሳቸው ይሁን

ኤሌክትሪሻኑ ከፈለኝ ቴፒ መናኸሪያ አጠገብ ያለውን ግቢ በር ገፍቶ ሲገባ፣ እግሩ ያረፈው ገና ባልደረቀ ሲሚንቶ ላይ ነበር።

«ኧረ ሲሚንቶዬን!» አለች አንዲት ሴት እየሮጠች። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። የመጣበት ጉዳይ ጠፋበት።

«ይ... ይቅርታ! የመብራት ሠራተኛው ነኝ።»

ሳቋ አመለጣት። የዓለምዘርፍ ትባላለች። ቡና ጭኖ የወጣው ባሏ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያያት ሰው አልነበረም።

ከቤቷ ጎን የሚከራይ ክፍል አሠርታለች። ከፈለኝ ሶኬቱ የት፣ አምፖሉ የት እንደሚሆን እየጠየቃት ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ሥራው በሰበብ በአስባቡ ረዘመ፤ ጨዋታቸውም ጣመ። አንድ ቀን ግን እንዲህ አለችው፦

«የተከራይዋ መብራት ማጥፊያ በእኔ ቤት በኩል ይሁንልኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ነው ያደገው። አከራያቸው በተቆጡ ቁጥር መብራቱን አጥፍተው፣ እሱንና እናቱን ጨለማ ውስጥ ይተዋቸው ነበር።

«ሰው በጨለማ ሊቀጡ ነው? ለእንዲህ ያለ ነገር ሽቦ አልዘረጋም!»

መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። እሷም እልህ ያዛትና አላስረዳችውም። በሩን ዘግታ ግን አለቀሰች።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት እጃቸው በፋሻ የተጠቀለለ አሮጊት ጠሩት። ሸዋነሽ ይባላሉ።

«የምራቴን ቤት ጥለህ የሄድከው አንተ ነህ?»

«ምራትዎ ናት እንዴ፣ እማማ?»

«የሟች ልጄ ሚስት። ተከራይዋም እኔ ነኝ! አብረን እንኑር ብትለኝ፣ ኪራይ ካልከፈልኩ አልገባም ብዬ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሼ እየረሳሁ... እጄን እየው። እሷ የፈራችው እሳቱን ነው፤ ስረሳው ከቤቷ ሆና ልታጠፋልኝ ብላ ነው፣ ልጄ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። በዝናብ እየሮጠ የዓለምዘርፍ ቤት ደረሰ።

«ይቅር ይበሉኝ... ክፉ ተናገርኩ።»

«ሳይጠይቁኝ ፈረዱብኝ» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ለምድጃው ብቻ የራሱን መስመር እዘረጋለሁ፤ ማጥፊያው በእርስዎ በኩል ይሆናል። መብራቱ ግን የእሳቸው ይሁን፤ ሲሻቸው ያብሩት፣ ሲሻቸው ያጥፉት።»

«እንዲህ መሆን እንደሚችል አላሰብኩም...»

«እኔም እንዲህ እንደምወድሽ አላሰብኩም!»

«አንቺ» ማለቱ ገብቶት ደነገጠ። እሷ ግን አልተቆጣችም።

«እማማስ? የልጃቸውን ቦታ ሌላ ሲይዘው ምን ይላሉ?» አለች በቀስታ።

ክፍሉ በበራ ቀን የከፈለኝን ነገር ነገረቻቸው። ሸዋነሽ አቅፈዋት አለቀሱ።

«ልጄን ቀብሬያለሁ። አንቺን ግን ከነነፍስሽ አልቀብርም። አግቢው!»

በጥር ተጋቡ። ሸዋነሽ ነጭ በነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። አንድ እንግዳ ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው፦

«እማማ፣ የሙሽራዋ ወገን ነዎት ወይስ የሙሽራው?»

«እናታቸው ነኝ» አሉ፣ በፈገግታ። «የሁለቱም!»